ጳጉሜን የማያውቀው የጃንሆይ ሰዓት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ክሪስቲስ የተባለው ታዋቂ የሐራጅ ድርጅት ጄኔቫ ላይ አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት ለጨረታ አዘጋጅቶ ነበር። ገዢዎች ዋጋ የሚጠሩበት ዕለት ሲደርስ ግን ሰዓቱ ከዝርዝሩ ወጣ። ምክንያቱ የአሠራር ጉድለት አልነበረም፤ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ነው። ሰዓቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበረና።

ለመሆኑ ይህን ያህል የሚፈለገው ምን ዓይነት ሰዓት ነው? ሠሪው ፓቴክ ፊሊፕ ነው። ይህን ድርጅት በ1839 ያቋቋመው አንቶኒ ፓቴክ ከአገሩ ከፖላንድ ተሰድዶ ጄኔቫ የገባ ሰው ነበር። የጃንሆይ ሰዓት የተሠራው በ1954 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓን ሲጎበኙ ስዊዘርላንድም ደርሰዋል። የሞዴሉ ቁጥር 2497 ነው። ይህ ሞዴል ከ1951 ጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲሠራ ቢቆይም ጠቅላላ ብዛቱ ሁለት መቶ እንኳ አልሞላም።

ሰዓቱን ውድ ያደረገው ወርቁ ብቻ አይደለም። ሰዓት ሠሪዎች «ዘላለማዊ ካላንደር» የሚሉት ሥራ በውስጡ አለ። ከገጹ ላይኛው ክፍል ባሉት ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ዕለቱንና ወሩን ያሳያል፤ ከታች ደግሞ ቀኑንና የጨረቃዋን መጉደልና መሙላት። ባለ 30 ቀን የሆነውን ወር ከባለ 31 ለይቶ ያውቃል፤ ፌብሩዋሪ በሦስቱ ዓመታት 28፣ በአራተኛው 29 መሆኑንም አይስትም። ባትሪ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው፣ በእጅ ከሚሞላ አንድ ሞላ በቀር ሌላ ጉልበት የለው!

ታዲያ እንዴት ያውቃል? እንዲህ ባሉት ሰዓቶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የምትዞር ትንሽ ክብ ብረት ትገኛለች። ዙሪያዋ ለ48 ወራት 48 ቦታ ተከፍሏል። ለባለ 31 ወር ጠርዟ አልተነካም፤ ለባለ 30 ጥቂት ተቦርቡሯል፤ ለፌብሩዋሪ ጠልቋል። አንዲት ቀጭን ዘንግ ያን ጥልቀት እየዳሰሰች በወሩ መጨረሻ ቀኑ ስንት ቁጥር መዝለል እንዳለበት ትወስናለች። እንግዲህ የሰዓቱ ዕውቀት ሁሉ የጉድጓድ ጥልቀት ነው ማለት ነው።

ይህ ጥበብ ቀድሞ በኪስ ሰዓት ውስጥ የነበረ ነው። ወደ እጅ አንጓ የመጣው በ1925 ሲሆን፣ ፓቴክ ፊሊፕ በ1898 ለሴቶች የአንገት ሰዓት ሠርቶት የነበረውን ትንሽ ሞተር አውጥቶ በእጅ ሰዓት ውስጥ አስገባው። በተከታታይ መመረት የጀመረው ግን በ1941 ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩን ልዩ የሚያደርገው ሌላ ጉዳይ አለ። ያ ሁሉ ጥበብ የፈሰሰበት ሰዓት የተሠራላቸውን ንጉሥ አገር ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ቀትር ላይ እኛ ስድስት ሰዓት ስንል እሱ 12 ይላል። መስከረም 1 ሲብት እሱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ነው። ጳጉሜን የተባለች ወር ደግሞ በዚያች ክብ ብረት ላይ ቦታ የላትም።

ነገር ግን «ዘላለማዊ» የሚለው ስም ራሱ እውነት አይደለም። በ1582 የወጣው የግሪጎርዮስ አቆጣጠር በመቶ የሚያልቁ ዓመታት በ400 ካልተካፈሉ ፌብሩዋሪ 29 እንዳይኖራቸው ደንግጓል። ክብ ብረቷ የምትቆጥረው አራት ዓመት ብቻ ስለሆነ ይህን አታውቅም፤ ስለዚህ በ2100 ፌብሩዋሪ 28 ሲያልቅ እንዲህ ያሉት ሰዓቶች ተሳስተው 29 ይላሉ፣ የሰው እጅም ያስፈልጋቸዋል። የእኛ አቆጣጠር ግን ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ አራት አራት ዓመት ሲዞር፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ሁልጊዜ ስድስት ትሆናለች፤ የተለየ ዓመት የለም። የስዊስ ሰዓት ሠሪ 52 ቦታ ያላት ክብ ብረት ቢቀርጽ ኖሮ ለኢትዮጵያ የሚሆነው ካላንደር እርማት የማይሻ ይሆን ነበር። እርግጥ ፀሐይ አትጠብቀንም፤ ለዚህም ነው ከ2100 በኋላ መስከረም 1 ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ጋር ሲተያይ አንድ ቀን የሚገፋው።

ወደ ጨረታው እንመለስ። ሰዓቱ በ2017 እዚያው ጄኔቫ ተመልሶ ለሐራጅ ቀረበና ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። በሰብሳቢዎች ዓለም ዋጋውን ከፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የንጉሡ ስም ነው። ይኸው ስም ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ንጉሥ እጅ ላይ የነበረ ንብረት የግሉ ነው ወይስ የአገሩ? የግሉ ከሆነ ወራሾቹ የት ናቸው? የአገሩ ከሆነስ ለምን በሙዚየም መስታወት ውስጥ አናየውም? ጃንሆይ ከዙፋናቸው የወረዱት እኛ መስከረም 2 ቀን 1967 በምንለው፣ ያ ሰዓት ግን ሴፕቴምበር 12 በሚለው ዕለት ነው። ከዚያች ዕለት ወዲህ የቤተ መንግሥት ዕቃ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይከተለዋል።

በሐራጅ ቤት መዶሻው ሲመታ ግዢው ያልቃል። የዕቃው ታሪክ ግን በዚያ አያልቅም። ቆሞ የከረመ ዘላለማዊ ካላንደር ጎኑ ላይ ያሉት ትንንሽ ቁልፎች በሹል ነገር እየተነኩ ዕለቱም፣ ወሩም፣ ጨረቃውም ይስተካከልለታል፤ ሙያውን ለሚያውቅ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። በሰዓቱና በአገሩ መካከል የቆመውን ጊዜ የሚያስተካክል ቁልፍ ግን የት እንዳለ እስካሁን ያሳየን የለም።