ቡድን ማለት ወንበር ማቀራረብ ነውን?

በማሠልጠኛ ተቋማችን የቡድን ሥራ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ነው፤ አምስቱ ወንበራቸውን ያቀራርባሉ፣ አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ጥፋቱ የሠልጣኞቹ ብቻ አይደለም። እኛም የምናስተምረው እንደተማርነው ነውና። ስለዚህ ነገር ሳስብ የናይሮቢ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ኬንያ ነፃነቷን ባገኘች በሁለተኛው ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1965፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በናይሮቢ ከተማ የሳይንስ መምህራን ኮሌጅ ተቋቋመ። ዓላማውም ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአገሩን ተወላጅ መምህራን ማፍራት ነበር። ይሁን እንጂ የመምህራኑ መብዛት ብቻውን ክፍሉን አልለወጠውም። መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይገለብጣል፤ የሒሳብና የሳይንስ ውጤትም ዝቅ እንዳለ ቆየ።

በ1998 የኬንያ መንግሥት ከጃፓን ጋር ተባብሮ «ስማሴ» የተባለውን ፕሮግራም በዘጠኝ አውራጃዎች ጀመረ። ሥልጠናው መጀመሪያ የተሰጠውም በዚሁ ኮሌጅ ነበር። እኔን የሳበኝ አሠራሩ ነው። ሠልጣኙ መምህር ስለ አዲስ ዘዴ ንግግር ሰምቶ ብቻ አይመለስም። ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ትምህርት ያቅዳል፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ሙከራው በአካባቢው ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ይመካከራሉ፤ ከዚያም አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ይመለከታሉ፤ በመጨረሻ ጉድለቱን ተነጋግረው እቅዱን ያሻሽላሉ። ባልደረቦች ፊት ቆሞ ማስተማር፣ ልንገራችሁ፣ ከተማሪ ፊት ይከብዳል! በናይሮቢ የሠለጠኑት በየአውራጃቸው ሌሎችን አሠለጠኑ፤ በ2003ም ፕሮግራሙ ወደ መላ አገሪቱ ተስፋፋ።

ይህ ለመምህራን ነው፤ ብዙ ተማሪ ለታጨቀበት የኮሌጅ ክፍልስ? በአሜሪካ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ላሪ ማይክልሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ 40 የነበረው ክፍላቸው 120 ሲደርስ አንድ ዘዴ አወጡ። ተማሪው አንብቦ ይመጣል፤ መጀመሪያ ለብቻው ይፈተናል፤ ወዲያው ያንኑ ፈተና ከቡድኑ ጋር ይሠራል፤ ሁለቱም ውጤት ይያዝለታል። ያላነበበው በመጀመሪያው ወረቀት ይታወቃል፤ ያነበበውም ጓደኞቹን ማሳመን ግድ ይሆንበታል።

በአገራችን የታየው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት የጎደለው ይህ ይመስለኛል። ሸክሙን ለጎበዙ ሰጥቶ ሌላውን ዝም አሰኘ።

በመጪው ወሰነ ትምህርት ከብቻ ፈተናው ልጀምር አስቤአለሁ። በየሳምንቱ 60 ወረቀት ማረሙ ግን ያሳስበኛል፤ ምናልባት እርስ በርሳቸው ይተራረሙ ይሆናል። የሞከራችሁት መምህራን ካላችሁ በዚሁ መጽሔት ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።