ፐርሴፕትሮን

ፐርሴፕትሮን ከናሙናዎች ተምሮ የቀረበለትን መረጃ በሁለት ወገን የሚለይ ቀላል የስሌት ሥርዓት ነው። ስያሜው ለስሌቱም በእርሱ ለተሠራው መሣሪያም ያገለግላል። ያቀረበው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍራንክ ሮዘንብላት (1928–1971) ሲሆን፣ በ1957 ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ በነበረው የኮርኔል የበረራ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራር

እያንዳንዱ ግብዓት በተመደበለት ክብደት ይባዛና ውጤቶቹ ይደመራሉ። ድምሩ ከተወሰነ ደፍ ካለፈ መልሱ «አዎ»፣ ካላለፈ «አይደለም» ይሆናል። መልሱ ሲሳሳት ክብደቶቹ ጥቂት በጥቂት ይስተካከላሉ፤ ትክክል ሲሆን አይነኩም። ሁለቱን ወገኖች የሚለይ የክብደት ምድብ እስካለ ድረስ፣ እርማቱ ከተወሰነ ዙር በኋላ እንደሚደርስበት በሒሳብ ተረጋግጧል።

የቀዳሚነት ጥያቄ

የሐሳቡን መነሻ ለአንድ ሰው መስጠት አስቸጋሪ ነው። ዋረን መካሎክና ዋልተር ፒትስ በ1943 ነርቭ ሴልን «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚል የሎጂክ አሃድ መስለው ነበር፤ አሃዱ ግን በራሱ አይማርም። ዶናልድ ሄብ በ1949 ትምህርት የሚመጣው አብረው በሚነቃቁ ነርቮች መካከል ያለው ግንኙነት ሲጠነክር እንደሆነ ጻፈ። በ1951 ማርቪን ሚንስኪና ዲን ኤድመንድስ በቫኩም ቱቦዎች የሚሠራ፣ መንገድ የጠፋባትን አይጥ የሚያስመስል ተማሪ መሣሪያ ሠሩ። በመሣሪያ ረገድ ቀዳሚው ሚንስኪ ነው ማለት ይቻላል። የሮዘንብላት ድርሻ ግልጽ የእርማት ደንብ ማስቀመጡና ማየትን ለሚመለከት ተግባር ማዋሉ ይመስላል። ሚንስኪና ሮዘንብላት በኒው ዮርክ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማለትም በብሮንክስ የሳይንስ ትምህርት ቤት ተምረዋል።

ማርክ አንድ

በ1958 ፐርሴፕትሮን ለሕዝብ ሲታይ ገና አይቢኤም 704 በተባለ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር። ከ50 ሙከራ በኋላ በግራ በኩል ምልክት ያለባቸውን ካርዶች በቀኝ በኩል ካለባቸው ለየ። ወጪውን የሸፈነው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቢሮ ነው። ጋዜጦች ማሽኑ ወደፊት እንደሚናገርና ስለ ራሱ እንደሚያውቅ ጻፉ።

በ1960 የታየው ማርክ አንድ የተባለው መሣሪያ እንደ «ዓይን» የሚያገለግሉ፣ 20 በ20 የተደረደሩ 400 የብርሃን ሴሎች ነበሩት። እነዚህ ከ512 አገናኝ አሃዶች ጋር ሆን ተብሎ በዘፈቀደ በሽቦ ተያያዙ፤ የመልስ አሃዶቹ 8 ነበሩ። ክብደቶቹ የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ሬዚስተሮች ስለነበሩ፣ መሣሪያው በተማረ ቁጥር ትናንሽ ሞተሮች ያሽከረክሯቸው ነበር።

የ1969ኙ መጽሐፍ

ሚንስኪና ሲሞር ፓፐርት ባለ አንድ ንብርብር ፐርሴፕትሮን የማይፈታቸውን ጥያቄዎች በመጽሐፍ አሳዩ። ታዋቂው ምሳሌ በሁለት ማብሪያ እንደሚሠራ የደረጃ መብራት ነው፤ መልሱ «አዎ» የሚሆነው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲነካ ነው። ሁለቱም ሳይነኩ «አይደለም» እንዲል ደፉ ከዜሮ ማነስ የለበትም። እያንዳንዱ ብቻውን ደፉን ካለፈ ደግሞ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ይብሱን ያልፉታል። ስለዚህ ተስማሚ ክብደት የለም። ንብርብሮችን መደራረብ ችግሩን እንደሚፈታ ያኔም የታወቀ ነበር፤ የጎደለው እነሱን ማስተማሪያ ውጤታማ ዘዴ ነው። እንደ ፐርሴፕትሮን ላሉ የነርቭ መረቦች ይሰጥ የነበረው ድጋፍ የቀነሰው በመጽሐፉ ነው ወይስ ቀድሞም እየቀነሰ ነበር የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

ከአንጎል ጋር ያለው ዝምድና

ሮዘንብላት ራሱ ፐርሴፕትሮን የየትኛውም ሕያው የነርቭ ሥርዓት ዝርዝር ቅጂ እንዳልሆነ ጽፏል።

ውርስ

በ1986 ዴቪድ ሩሜልሃርት፣ ጄፍሪ ሂንተንና ሮናልድ ዊሊያምስ ባለ ብዙ ንብርብር መረቦችን ለማስተማር፣ ስሕተትን ከመጨረሻው ንብርብር ወደ ኋላ እያካፈለ ክብደቶችን የሚያርም ዘዴ አስፋፉ። ሂንተን በ2024 ከጆን ሆፕፊልድ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የማርክ አንድ ቅሪት በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል።