ከደስታ እስከ አፍተግር፦ የከብት ክትባት አጭር ታሪክ

የግራና ከተማ የምትገኝበት ሀብሩ ወረዳ በበሬ የሚያርሰው የወሎ ገበሬና ከብት አርቢው አፋር የሚዋሰኑበት ምድር በመሆኑ፣ የከብት ወረርሽኝ ታሪክ ከአካባቢው ኑሮ ተነጥሎ አይታይም። በምፅዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለ የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጅቶ፣ ከድርቅና ከአንበጣ ጋር ተዳምሮ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን አስከተለ፤ ጥማድ ያጣው ገበሬ መሬቱን በዶማ ለመቆፈር ሲገደድ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ቆፍረው አርአያ ሆነዋል።

ደስታን ለማጥፋት ያገዘው ቫይረሱ አንድ ሴሮታይፕ ብቻ ያለው፣ ማለትም በአንድ ዓይነት ክትባት ሊገታ የሚችል መሆኑ ነው። ዋልተር ፕሎውራይት በኬንያ ያዘጋጀው ክትባት ውጤታማ ቢሆንም ሙቀት ስለማይችል፣ በኋላ ተሻሽሎ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት እንዲቆይ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም ከማኅበረሰቡ በተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች አማካይነት ለአፋር ከብቶች ተዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

አፍተግር የተባለው የከብት የአፍና የእግር በሽታ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ ሲባዛ የሚፈጠረውን የቅጂ ስሕተት ስለማያርም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ካሉት ሰባት ሴሮታይፖች ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 በኢትዮጵያ ተመዝግበዋል፤ ለአንዱ የተሠራ ክትባትም ከሌላው አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት አምራች ኢንስቲትዩት በአንድ ክትባት ውስጥ ከአንድ በላይ ሴሮታይፕ የሚያካትተው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው ችግር፣ በተለይ በኦና በሳት ሴሮታይፖች፣ የቫይረሱ የፕሮቲን ቅርፊት በሙቀት በቀላሉ እየፈረሰ ክትባቱን ማዳከሙ ነው። የቅርፊቱ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1989 በኤክስሬይ ከታወቀ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ክፍሎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ በኮምፒውተር አስመስለው የትኛው ለውጥ መጋጠሚያውን እንደሚያጠነክር ማስላት ቻሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና የፐርብራይት ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ጥናት፣ ቪፒ2 በተባለው ፕሮቲን 93ኛ ቦታ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ በመቀየር ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋም ቅርፊት ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። በሌላ በኩል የቫይረሶችን የዘረመል ቅደም ተከተል በማነጻጸር የትኛው የክትባት ዝርያ በመስክ ካለው ቫይረስ ጋር እንደሚስማማ የሚተነብዩ ስሌቶች ተዘጋጅተዋል።

ሆኖም እነዚህ ስሌቶች መነሻቸው ከታመመ ከብት ምላስ ላይ፣ ካልፈረጠ ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚወሰድ ናሙና ነው፤ ስለዚህ እንደ ሀብሩ ባሉ የከብት መተላለፊያ ወረዳዎች ናሙና በወቅቱ ተሰብስቦ ላቦራቶሪ ካልደረሰ፣ ኮምፒውተሩ የሚመርጠው ክትባት የሌላ አገር ቫይረስ ክትባት ሆኖ ይቀራል።