ዘላቂነትን ከሶፍትዌር ንድፍ መነሻ ጀምሮ ማካተት

አንድ ሶፍትዌር ዘላቂ ነው የሚባለው ለታሰበለት ዓላማ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል፣ የሚፈጀው ኃይልና የሚጠይቀው መሣሪያ የተመጠነ ሲሆን፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ከሄዱ በኋላ በሌሎች ባለሙያዎች ሊጠገን ሲችል ነው። ይህ ባሕርይ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር አይደለም። አብዛኛው የሚወሰነው የፍላጎት ጥናት ሲካሄድና የመረጃ ቋቱ ሲነደፍ፣ ገና አንድም የኮድ መስመር ሳይጻፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊድን ካርልስክሩና ከተማ የተጀመረውና በከተማዋ ስም የሚጠራው የባለሙያዎች መግለጫ ዘላቂነትን በአምስት ገጽታዎች ይመለከታል፤ እነዚህም አካባቢያዊ፣ ማኅበራዊ፣ ግለሰባዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ቴክኒካዊ ናቸው። በተለምዶ ትኩረት የሚስበው አካባቢያዊው ቢሆንም፣ ለሕዝብ አገልግሎት ቴክኒካዊውና ማኅበራዊው የሚተናነሱ አይደሉም።

የቀን አመዘጋገብን ለአብነት እንመልከት። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ዐሥራ ሦስት ወራት አሉት። ዓመትን በዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ የምዝገባ ሥርዓት በጳጉሜን የተወለደን ሕፃን ትክክለኛ የልደት ቀን ሊቀበል አይችልም። መዝጋቢው ቅጹን ለመሙላት ሲል ቀኑን ወደ ነሐሴ 30 ወይም ወደ መስከረም 1 ሊገፋው ይገደዳል፤ ስሕተቱም ከልደት ምስክር ወረቀት ወደ ትምህርት ቤት መዝገብ፣ ከዚያም ወደ ፓስፖርት ይተላለፋል። የተሻለው ንድፍ ቀኑን በቋቱ ውስጥ ከአንድ መነሻ በሚቆጠር ተከታታይ የቀን ቁጥር መያዝና በሚታይበት ጊዜ በተገልጋዩ አቆጣጠር መግለጽ ነው። በመነሻው ላይ ይህ የአንድ ስብሰባ ውሳኔ ነው። መዝገቦች ከተከማቹ በኋላ ግን ፕሮግራሙን ማረም ብቻውን አይበቃም፤ የተዛባው ቀን ትክክለኛ መልክ በቋቱ ውስጥ የለምና ባለጉዳዩን ራሱን መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ሌላ ጉዳይ አለ። ጊዜን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ እየቆጠሩ በባለ 32 ቢት ቁጥር የሚይዙ ሥርዓቶች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ቁጥራቸው ይሞላል። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል ነው፤ ሰዓቱም ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ቀኑ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሠላሳ ዓመት የሊዝ ውል የሚመዘግብ ሥርዓት ችግሩን የሚያገኘው ያ ቀን ሲደርስ ሳይሆን የውሉ ማብቂያ ሲጻፍ፣ ማለትም ዛሬውኑ ነው።

የሶፍትዌርን የካርበን ልቀት ለመለካት እ.ኤ.አ. በ2024 አይኤስኦ/አይኢሲ 21031 የተሰኘ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቷል። ስሌቱ ሶፍትዌሩ የሚፈጀውን ኤሌክትሪክ ኃይሉ በመነጨበት መንገድ ከሚያስከትለው ልቀት ጋር ያባዛል፤ መሣሪያዎቹ ሲመረቱ ከወጣው ልቀት ድርሻውን ይደምራል፤ ድምሩንም ለአንድ ተጠቃሚ ወይም ለአንድ አገልግሎት ያካፍላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ የመጀመሪያው ክፍል፣ በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሠራበት ሰዓት ካልበዛ በቀር፣ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ክብደቱ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ መሣሪያዎቹ ያዘነብላል። በእኛ ሁኔታ ከሁሉ የሚልቀው ጥያቄ አገልግሎቱ በምን ያህል ያረጀ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይሠራል የሚለው ይመስላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ፣ በደኅና የሚሠሩ ነገር ግን የተተኪውን መስፈርት የማያሟሉ ኮምፒውተሮች መኖራቸው መሣሪያ በሶፍትዌር ምክንያት እንዴት ያለ ዕድሜው እንደሚያረጅ አሳይቷል። አዲስ ስልክ መግዛት የማይችል ዜጋም በዚሁ ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል።

አጭር የጽሑፍ መልእክትም በንድፍ ወቅት ሊለካ ይገባል። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚህ ሲያልፍ ተከፋፍሎ ይላካል፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። መፍትሔው ቃሉን ማሳጠር እንጂ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ አይደለም።

ሥርዓት የሚያስገነቡ ተቋማት የምንጭ ኮዱና የአሠራር ሰነዱ ለማን እንደሚሆን፣ መረጃው በምን ዓይነት ክፍት ቅርጸት እንደሚወጣ፣ አገልግሎቱ የሚሠራበት ዝቅተኛው መሣሪያ የትኛው እንደሆነና የትኛው መረጃ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚወገድ በጨረታ ሰነዱ ላይ ሊያሰፍሩ ይገባል። በሰነዱ ያልሰፈረን ጉዳይ አቅራቢው በውሉ መሠረት እንዲፈጽም መጠየቅ አይቻልም፤ በኋላ ሲፈለግም እንደ ተጨማሪ ሥራ ተቆጥሮ አዲስ ዋጋ ይቀርብበታል።