«ጊዜው ደርሶአልን?»፦ የአባ መሐሪ ጉዞና መሲሕን የመጠበቅ ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን፤ «መሲሕ» የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «የተቀባ» ማለት ነው። በግሪክ «ክርስቶስ» ይባላል። ስለዚህ የጌታችንን ስም «ኢየሱስ ክርስቶስ» ብለን በጠራን ቍጥር ምስክርነት እየሰጠን ነው፤ ነቢያት የተናገሩለት፣ እስራኤል በተስፋ የጠበቀችው ቅቡዕ መጥቶአል ማለታችን ነው። ይህን ምስክርነት የማይቀበሉ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን «መሲሑ ገና ይመጣል» ይላል፤ ይህም የአይሁድ ነው። ሁለተኛው ወገን «መሲሕ የሚባል የለም፤ የተጨነቀ ሕዝብ የፈጠረው ተስፋ ነው» ይላል፤ ይህም የተጠራጣሪዎች ነው። ሁለቱንም ድምፆች በትምህርት ገበታም በእጃችሁ ባለው ስልክም ሳትሰሙ አትቀሩም። ጥያቄው ግን ለሀገራችን አዲስ አይደለም። ከ160 ዓመታት በፊት በገዛ ምድራችን ተነሥቶ ሰዎችን ከቤታቸው አስነሥቶ በመንገድ አስቀርቶአል። ዛሬ የምንማማረው ከዚያ ታሪክ ተነሥተን ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም የተነሡት

በጎንደር ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ በወገራና በሰሜን ተራሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ የሚያነቡ፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ፣ ካህናትና መነኮሳት የነበሯቸው ሕዝብ ናቸው። በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድ የሚመሩበትን ታልሙድን አያውቁም ነበር። በየዓመቱ በስግድ በዓል ጾመው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ኦሪት ይነበብላቸዋል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይጸልያሉ። ይህ ጸሎት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮአል።

በ1860 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ስተርን የተባለ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ስተርን ራሱ ከአይሁድ ወገን በጀርመን ተወልዶ ወደ ክርስትና የገባ ሰው ነበር። እርሱና ማርቲን ፍላድ ቤተ እስራኤልን ለማስተማር ከዐፄ ቴዎድሮስና ከአቡነ ሰላማ ፈቃድ ሲያገኙ አንድ ግዴታ ተጣለባቸው፤ ያመኑት ሁሉ የሚጠመቁት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው ተባሉ። የስብከታቸው መሠረት «የምትጠብቁት መሲሕ መጥቶአል» የሚል ነበርና የቤተ እስራኤል ካህናት መልስ ለመስጠት ተገደዱ።

ዘመኑ ራሱ የተስፋ ዘመን እንደ ነበረ አትርሱ። በክርስቲያኑም ወገን ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ያወሳ ስለ ነበር ሕዝቡ ያን ንጉሥ ይጠብቅ ነበር። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ያን ስም የመረጡት በከንቱ አልነበረም። ከመሳፍንቱ ጦርነት የደከመ ሕዝብ አዳኝ ይናፍቅ ነበር። ይህ ናፍቆት በቤተ እስራኤል ዘንድ ደግሞ የራሱን መልክ ያዘ። በ1862 እ.ኤ.አ. አባ ሰጋ የተባሉ ካህን በኢየሩሳሌም ወዳሉ የአይሁድ ካህናት ደብዳቤ ላኩ፤ የደብዳቤው ሐሳብም ወደ እናንተ የምንመለስበት ጊዜ ደርሶ እንደ ሆነ አስታውቁን የሚል ነበር።

ምላሽ ሳይጠበቅ በዚያው ዓመት ከክረምት በኋላ አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስነሡ። ጊዜው ደርሶአል፣ እግዚአብሔር እንደ ሙሴ ዘመን በባሕር መካከል ያሻግረናል ብለው ብዙዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ተጓዙ። ባሕሩ ግን ሩቅ ነበር፤ ስንቁም ጥቂት። በትግራይ ምድር ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው። ከተረፉት ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ከፊሎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዚያ መንገድ ላይ የወደቁት አረጋውያንና ሕፃናት ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም።

አይሁድ ለምን «ገና ነው» ይላሉ?

ይህን ስንሰማ ፈጥነን «ባለማመናቸው ነው» ብለን ማለፍ ይቀናናል። ነገር ግን መልስ ከመስጠት በፊት የሌላውን ነገር በራሱ አፍ መስማት ይገባል።

አንድ ነገር አስተውሉ። በሌላው ዓለም በክርስቲያኖችና በአይሁድ መካከል የተካሄደው ክርክር ብዙ ጊዜ በኢሳይያስ 7፥14 ባለው ቃል ላይ ነበር፤ ክርስቲያኖች «ድንግል» ነው ሲሉ አይሁድ የዕብራይስጡን ቃል «ወጣት ሴት» ብለው ይተረጕሙታል። በኢትዮጵያ ግን ይህ ክርክር ቦታ አልነበረውም። የግእዙ ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ የሰብዐ ሊቃናት ትርጕም የተመለሰ በመሆኑ ቤተ እስራኤልም እንደ እኛው «ድንግል» የሚለውን ያነቡ ነበር። እንግዲህ ያለያየን የአንድ ቃል ትርጕም አይደለም፤ የተለያየነው «የተነገረው ሁሉ ተፈጽሞአልን?» በሚለው ጥያቄ ነው።

የአይሁድ መከራከሪያ ይኸው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ እንደሚሆን፣ ተኵላ ከበግ ጋር እንደሚኖር ተናግሮአል (ኢሳ. 2 እና 11)። ዓለም ግን ዛሬም በጦርነት ውስጥ ናት። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ መለኪያውን በግልጽ አስቀምጦአል፤ መሲሑ ከዳዊት ቤት የሚነሣ ንጉሥ ነው፣ ቤተ መቅደሱን ይሠራል፣ የተበተኑትን ይሰበስባል፤ ይህን ሳይፈጽም ከተገደለ እርሱ አይደለም። ከእርሱ 1000 ዓመት ያህል ቀድሞ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕት ጋር የተከራከረው አይሁዳዊው ትሪፎን ደግሞ የከበደው መስቀሉ ነበር፤ በእንጨት የተሰቀለ የተረገመ ነው የሚለው የኦሪት ቃል (ዘዳ. 21፥23) ለመሲሕ እንዴት ይስማማል የሚል ነው።

አይሁድ በዚህ ጥያቄ የሚጠነቀቁት ብዙ ጊዜ ስለ ተጎዱም ጭምር ነው። በ132 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ስምዖን የተባለ የጦር መሪ በሮም ላይ ሲያምፅ ታላቁ መምህር ረቢ ዐቂባ በዘኍልቍ 24፥17 ያለውን የኮከብ ትንቢት ለእርሱ ሰጥቶ ባር ኮክባ፣ «የኮከብ ልጅ» አለው። ረቢ ዮሐናን ቤን ቶርታ የተባለው መምህር ግን በመቃብርህ ላይ ሣር ይበቅላል እንጂ መሲሑ በዘመንህ አይመጣም በሚል ሐሳብ ዐቂባን ገሠጸው። በ135 ባር ኮክባ ተገደለ፤ ይሁዳም ባድማ ሆነች። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ሻብታይ ዝቪ የተባለ ሰው መሲሕ ነኝ ብሎ ከየመን እስከ አውሮፓ አይሁድን ካነቃነቀ በኋላ በ1666 በቱርኩ ሱልጣን ፊት ሃይማኖቱን ለውጦ ሰለመ። ከዚህ የተነሣ ሊቃውንቶቻቸው የመሲሑን ቀን የሚቈጥሩትን አጥብቀው ያወግዛሉ። በኋላ ዘመንም ሁሉም አንድ አልሆኑም፤ በ1885 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፒትስበርግ የተሰበሰቡ ረቢዎች የሰው መሲሕ መጠበቅን ትተው የፍትሕና የሰላም ዘመንን ብቻ ተስፋ ማድረግን መርጠዋል።

የተጠራጣሪው ጥያቄ

ተጠራጣሪው እነ ባር ኮክባንና እነ አባ መሐሪን እያሳየ «የእናንተውም ከእነዚህ አንዱ ነው» ይለናል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሬይማሩስ ጌታችን ምድራዊ መንግሥት ፈልጎ ሳይሳካለት ሲሞት ደቀ መዛሙርቱ ትንሣኤን ፈጠሩ ብሎ ጽፎአል። በ1956 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ የዓለምን ፍጻሜ በተወሰነ ቀን የጠበቀ አንድ ቡድን ቀኑ ባዶ ሲያልፍ እምነቱን ከመተው ይልቅ አዲስ ማብራሪያ እየሰጠ መስበክ እንደ ጀመረ አሳዩ። ተጠራጣሪው ሐዋርያትም እንዲሁ አደረጉ ይላል።

ጥያቄው ከባድ ነው፤ በንቀት አይመለስም። ብዙ የመሲሕ እንቅስቃሴዎች በእውነት በዚህ መንገድ ተጕዘዋል። ነገር ግን የሐዋርያት ነገር በዚህ ልክ አይሰፋም። እነርሱ ተስፋቸው ሲሰበር አዲስ ማብራሪያ ይዘው አልወጡም፤ በር ዘግተው ተቀመጡ (ዮሐ. 20፥19)፤ ወደ ኤማሁስ የሄዱትም ተስፋቸውን ባለፈ ጊዜ ይናገሩት ነበር (ሉቃ. 24፥21)። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ተስፋው የተሰበረበት ተከታይ አልነበረም፤ አሳዳጅ ነበር። ያልተጠበቀ ነገር አሳዳጁን ሐዋርያ ካደረገው፣ «ያዘነ ልብ የፈጠረው ነው» የሚለው መልስ ስለ እርሱ አይበቃም።

የገማልያል ምክርስ? መምህሩ ገማልያል ቴዎዳስንና የገሊላውን ይሁዳን ጠቅሶ ከሰው የሆነ ይጠፋል፣ ከእግዚአብሔር የሆነውን ግን ልታጠፉት አትችሉም በሚል ሐሳብ መክሮአል (ሐዋ. 5፥34-39)። ይህ ምክር ያጽናናናል። ሆኖም ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ብዙ ዘመን የቈየ ስሕተትም አለና። የእኛ መሠረት የዘመን ብዛት ሳይሆን የተነሣው ጌታ ነው።

የሁለቱ ምጽአት ትምህርት

ቤተ ክርስቲያናችን ለአይሁድ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ በሁለቱ ምጽአት ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ነቢያት ስለ አንዱ ቅቡዕ ሁለት ነገር ተናግረዋል፤ በኢሳይያስ 53 የተናቀና የቈሰለ፣ በዳንኤል 7 ደግሞ በደመና የሚመጣ። በመጀመሪያው ምጽአቱ በትሕትና መጥቶ ኀጢአትንና ሞትን ድል ነሣ፤ በሁለተኛው በክብር መጥቶ ይፈርዳል፣ ሰላሙንም ይፈጽማል። ስለዚህ «ዓለም ገና አልዳነችም» የሚለውን የአይሁድ ሐዘን አንክደውም፤ በጸሎተ ሃይማኖት ዳግመኛ ይመጣል ብለን ስንመሰክር እኛም የምንጠብቅ መሆናችንን እንናገራለን። መጠበቅ የእነርሱ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ የአባ መሐሪ አደጋ ለእኛም አደጋ ነው። ጌታችን ያችን ቀን ማንም እንደማያውቃት አስተምሮናል (ማቴ. 24፥36)። በቅርብ ዘመን በዋና ከተማችን «ኤልያስ መጥቶአል» የሚል ትምህርት ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያን ልጆችን ከእናታቸው ለይቶአል። ቀኑን የሚቈጥር፣ «እነሆ በዚህ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ በደጀ ሰላም ያሉ አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ቤታችሁን ትታችሁ አትከተሉ።

የእኛ ድርሻ

አንድ የሚከብድ ነገር ግን ይቀራል። ሚሲዮናውያኑ ለቤተ እስራኤል «መሲሑ መጥቶአል» ሲሉ ሰሚዎቹ የመሲሑን ሕዝብ አስቀድመው ያውቁት ነበር። በታሪክ እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ድል ከሆኑ በኋላ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተደርጎአል። መሬት ያጣው ሕዝብ በሸክላና በብረት ሥራ ኖረ፤ ማረሻውን ከእጁ እየተቀበልን በ«ቡዳ» ስም አራቅነው። የሰላም አለቃ መጥቶአል ተብሎ ሲነገረው ሰላሙን ከጎረቤቱ ያላየ ሰው «ገና ነው» ቢል ምን ያስደንቃል? በኋላ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ይህን ትዝታ ይዘው ሄደዋል።

እኛ በደቡብ ኦሞ የምናገለግል ይህን ማሰብ ይገባናል። ከጂንካ ወርዳችሁ በኦሞ ወንዝ ዳር ከፍ ካለው ገደል ላይ ወዳለችው የካራ መንደር ወደ ኮልቾ ብትደርሱ፣ በዚያ ያለ ሽማግሌ ስለ ኢሳይያስ 7፥14 አይጠይቃችሁም። እንግዳ መጥቶ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲሄድ አይቶአል። እናንተ «አዳኙ መጥቶአል» ብትሉት የሚመለከተው እጃችሁን ነው፤ ስትገበያዩ በሚዛን ታታልሉታላችሁን? ልጁን በስሙ ትጠሩታላችሁን? ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ ትቀመጣላችሁን? ለእርሱ የኢሳይያስ ትንቢት መፈጸም የሚታወቀው በዚህ ነው።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አይሁዳዊውን ስትመልሱ አትስደቡ፤ ድንግል እመቤታችንና ሐዋርያት ከዚያ ወገን ናቸው። ተጠራጣሪውን ስትመልሱ አትቍጡ፤ መጽሐፉን አንብባችሁ መልሱ። ለሁለቱም ግን የቃል መልስ ብቻ አይበቃም። አባ ሰጋ «ጊዜው ደርሶአልን?» ብለው ጠይቀው ነበር። እኛ ደርሶአል ብለን ከመለስን፣ መድረሱ በኑሮአችን መታየት አለበት።

አምላካችን እግዚአብሔር በሃይማኖት ያጽናን፤ በመንገድ የወደቁትን ሁሉ በምሕረቱ ያስባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።