ጥርስ ማውጫ ከነእጀታው
ጠንካራ የመሣሪያ ብረት፤ ሦስት ቁራጭ፤ ለ10 ሚሊሜትር ብሎን

«ጥርሱ ተበልቷል» ይላል መካኒኩ፣ ብሎኑ አልጠብቅ ብሎ እንዲሁ ሲዞርበት። በሰበታ ወደ ጅማ፣ በቡራዩ ወደ አምቦ፣ በሱሉልታ ወደ ጎጃም በሚወጡት መንገዶች ዳር ላሉ ጋራዦች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የተበላው ብሎኑ ከሆነ ተለውጦ ያበቃል። የሚያስቸግረው ቀዳዳው ነው፤ በተለይ የአልሙኒየም ቴስታታ ላይ፣ አልሙኒየም ከብረት ብሎን ይለሰልሳልና።

ብሎኑ ላይ ክር ጠምጥሞ መልሶ ማሰር የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቀጠሮ ያራዝማል እንጂ አይጠግንም። ደንበኛው ሥራ እንዲህ ነው፦ የ8 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ በትራፓኖ ወደ 8.5 ይሰፋል፤ ከዚያ እነዚህ ሦስቱ በተራ ይገባሉ። ጫፉ የሾለው መንገድ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ያጠልቃል፣ ጫፉ ደፍጣጣው እስከ ታች ይጨርሳል። ዘይት ጠብ እየተደረገ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፤ ፍቅፋቂው እንዲሰበር። የቸኮለ እጅ መሣሪያውን እዚያው ውስጥ ሰብሮ ያስቀረዋል፤ እሱን ማውጣት ከመጀመሪያው ችግር ይብሳል። ግድግዳው ቀጭን ሲሆን ደግሞ ከማይዝግ ሽቦ የተሠራ ጥምጥም ይገባበትና የቀድሞው ብሎን ወደ ቦታው ይመለሳል።

ትራፓኖ፣ ቶርኖ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፦ የጋራዡ ቋንቋ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። የጥርሱ ልክ ሌላ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ያወጣው ልክ 55 ዲግሪ ነበር፤ የዛሬው ሜትሪክ 60 ነው። ሁለቱን ማደባለቅም ጥርስ ይበላል።

እባክዎ በእጅ አይንኩ፤ ስለቱ ዛሬም ይቆርጣል።