ድንጋይ ያልተወ መንደር

ቅርስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአክሱምን ሐውልት፣ የላሊበላን ውቅር፣ የጎንደርን ግንብ ነው። የባሕር ዳርቻ ከተባለም አዱሊስ ትታወሳለች። ጎጃም ባሕር የለውም፤ ዳርቻ ግን አለው፤ ዓባይ ዞሮታል። የቡሬን ገጠር ታሪክ ያበጀውም የዚህ ወንዝ መሻገሪያ ነው።

ዳሞት የሚለው ስም ራሱ ተሻጋሪ ነው። ጥንታዊው ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ አገር ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ኦሮሞ ሲስፋፋ፣ የዳሞት ሰው ወንዙን ተሻግሮ በአገው ምድር አጠገብ ሰፈረ፤ የአገሩንም ስም ይዞ መጣ። ቡሬ ዳሞት መባሉ ከዚህ ነው። እንደዚሁ የተሻገረው ሜጫም ስሙን በወረዳ ላይ ተክሏል።

እነዚህ ሰዎች ቤት የሠሩት በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ነበር። ጎጆ ሲፈርስ ማሳ ይሆናል፤ የሚቀረው የገል ስባሪና የምድጃ አመድ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ያርሰዋል፤ ማረሻ ግን የሚገባው ስንዝር ያህል ነው። ኤክስካቫተር ሌላ ነገር ነው።

ቡሬ ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች። መንግሥት በመጀመሪያ ከመረጣቸው አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች አንዱ እዚያ ነው። በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት እንዲያመርት የታሰበው የፊቤላ ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። እህሉ ጥሬውን ከሚጫን እዚያው ቢፈጭና ቢጨመቅ የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም።

የቅርቡ ታሪክ እንኳ ቶሎ ይሸፈናል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የዊንጌት የጌዴዎን ጦርና አርበኞች ሲያስጨንቁት ጣልያን የቡሬን ምሽግ ለቅቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያው መንገድ ተከተሉ። ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም ከእርሳቸው የተገኘ ነው፤ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ዛሬ ወጀት ብትሉ ስንቱ የከተማ ልጅ ያውቃታል?

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። መልካም ነው። ይሁንና የማሽን ነጂው ቅርስ ማለት ግንብ ነው ብሎ ካደገ፣ ገሉን ምን ብሎ ያሳውቃል? ደግሞስ ድንጋጌው የሚሠራው መሬቱ ከተቆፈረ በኋላ ነው። ለፋብሪካ የሚከለለውን ቀጣይ ማሳ ከመቆፈሩ በፊት በእግሩ የሚያስስ አንድ አርኪኦሎጂስት፣ ከጎኑም የየማሳውንና የየመሻገሪያውን ስም የሚያውቁ አንድ የአገር ሽማግሌ ቢመደቡ፣ ወጪው ከአጥሩ ወጪ አጠገብ አይደርስም። ሽማግሌው ደግሞ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።